የሰፈር ማደስ ሥራና የነዋሪዎች ስብጥር
አስኮን መነሻ በማድረግ የቀረበ ንግግር

ከአዲስ አበባ መካከል ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ቡራዩ ከመድረሱ በፊት አስኮን ያገኛል። አስኮ ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የምትቆጠር፣ ስሟ ከጫማ ሥራ ጋር ተያይዞ የሚነሣ፣ ከምዕራቡ አገር ለሚመጣ መንገደኛም የከተማዋ በር ሆና የኖረች ሰፈር ናት። በአንድ መንደሯ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ባለ ሱቁ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት፣ ጉሊት የምትቀመጠው ባልቴትና የቀን ሠራተኛው አጥር ተጋርተው ይኖራሉ። የአንዱ ቤት በብሎኬት ተሠርቶ ይሆናል፤ የጎረቤቱ ግን ግድግዳው ጭቃ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ ነው። ይሁን እንጂ ለቅሶ ሲደርስ ሁለቱም በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ።

እንዲህ ያለው ሰፈር አንድ ቀን መታደሱ አይቀርም። ጭቃው ያረጃል፤ ምሰሶው ከሥሩ ይበሰብሳል፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ ይሞላል፤ የእሳት አደጋ መኪናም በጠባቡ መተላለፊያ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው «ይታደስ ወይስ አይታደስ?» የሚል ሊሆን አይገባውም። ጥያቄው «በሚታደስበት ጊዜ ዛሬ አጥር ለአጥር የሚኖሩት ሰዎች ነገም ጎረቤታሞች ሆነው ይገኛሉን?» የሚል ነው። ይህ ንግግር የሚያተኩረው በዚሁ ጥያቄ ላይ ሲሆን፣ በአውሮፓ የታየውን፣ በአዲስ አበባ የተሞከረውንና ወደፊት በአስኮና አስኮን በመሰሉ ሰፈሮች ሊሠራ የሚችለውን በየተራ ይመለከታል።

ሀ. የስብጥሩ አመጣጥ

በአዲስ አበባ የባለጸጋና የድኻ ተቀላቅሎ መኖር በፕላን የተወለደ ነገር አይደለም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በየጉብታው ላይ ሠፈሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለ እጁም በየጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሠፋፈር ምስክሮች ናቸው። ከዚህም የተነሣ በሌሎች ብዙ ከተሞች እንደሚታየው ባለጸጋው በአንድ ወገን፣ ድኻው በሌላ ወገን ተለያይቶ የመኖሩ ልማድ በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ ሥር ሳይሰድ ቀርቷል።

ቀጥሎ የመጣው ታላቅ ለውጥ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው በዚህ ሕግ መሠረት የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆነ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር እንዲተዳደሩ ተደረገ፤ ኪራዩም ቀነሰ። አዋጁ ድኻውን ከመኻል ከተማ እንዳይፈናቀል አድርጎታል። ለብዙ አሥርተ ዓመታት ኪራዩ ባለበት በመቆየቱ የገቢው ትንሽ ሰው በገበያው፣ በሥራውና በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ አጠገብ ለመኖር ችሏል።

ነገር ግን ያው አነስተኛ ኪራይ ለቤቱ በሽታ ሆነበት። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ሊያድሰው አይደፍርም፤ ቀበሌው ደግሞ አቅም የለውም። የጣራ ቆርቆሮ በጊዜው ባለመለወጡ ውኃው ወደ ግድግዳው ይወርዳል፤ ጭቃው ይፈርሳል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል። አንድ መሐንዲስ እንዲህ ያለውን ቤት ሲመረምር የሚያገኘው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጣራውና ከመሠረቱ አጠገብ ከሚቆመው የዝናብ ውኃ ነው። እንግዲህ አዋጁ ነዋሪውን በቦታው አቆየው፤ ቤቱን ግን ማቆየት አልቻለም ማለት ይቻላል።

ለ. ከአውሮፓ የሚገኝ ትምህርት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ለሠራተኛው ሕዝብ እጅግ ብዙ ቤቶችን ሠርተዋል። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ቤቶችን ለመሥራት አቅዳ ፈጸመች። በአምስተርዳም የሚገኘው የባይልመርሜር መንደር የመጀመሪያዎቹን ነዋሪዎች የተቀበለው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በንብ ቀፎ ቅርጽ የተዘረጉት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎቹ በዘመኑ የነገ ከተማ ተብለው ተመሰገኑ። ሆኖም መካከለኛ ገቢ ያላቸው የኔዘርላንድ ቤተሰቦች የራሳቸው ግቢ ያለውን ቤት መረጡና ሳይመጡ ቀሩ። ሱሪናም በ1975 እ.ኤ.አ. ነፃ በወጣችበት ዘመን ወደ ኔዘርላንድ የመጡ አያሌ ሰዎች ባዶ በቀሩት ቤቶች ገቡ። መንደሩም ከሌላው ከተማ የተለየ፣ የሥራ አጡና የመጤው መኖሪያ ተብሎ ተፈረጀ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከሕንፃዎቹ አብዛኞቹ ፈርሰው በዝቅተኛ ቤቶች ተተክተዋል።

ፈረንሳይም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። በሊዮን ከተማ አጠገብ ባለው የሌ ሚንጌት መንደር በ1981 እ.ኤ.አ. ሁከት ከተነሣ በኋላ የነዋሪዎች ስብጥር የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በታኅሣሥ 2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ከቤቶቻቸው 20 በመቶው ለማኅበራዊ ኪራይ የሚውሉ እንዲሆኑ አስገደደ፤ በኋላም ለብዙዎቹ ድርሻው ወደ 25 በመቶ ከፍ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ 200,000 ቤቶችን አፍርሶ 200,000 ለመተካትና 200,000 ለማደስ ታቀደ። ዴንማርክ በበኩሏ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በአንዳንድ መንደሮች የማኅበራዊ ኪራይ ቤቶች ድርሻ እስከ 2030 ወደ 40 በመቶ ዝቅ እንዲል ወስናለች።

ከእነዚህ ሥራዎች አንድ ቁም ነገር ይገኛል። ድኻው የበዛበትን መንደር አፍርሶ ባለ ገቢውን ማስገባት በመዝገብ ላይ ያለውን ቁጥር ይለውጣል፤ የተነሣው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ድኻ መንደር ውስጥ ይገኛል። ድኅነቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀነሰም።

ሌላ መንገድም ታይቷል። በቪየና በ1930 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ 1,382 ቤቶች ሲኖሩት፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ መታጠቢያና ቤተ መጻሕፍት በውስጡ ተሠርተውለታል። የቪየና ማዘጋጃ ቤት ዛሬ ወደ 220,000 የሚጠጉ ቤቶችን ያከራያል። ቤት ለማግኘት የተወሰነው የገቢ ጣሪያ ከፍ ያለ በመሆኑና ገቢው ያደገ ተከራይ እንዲወጣ ስለማይገደድ፣ መምህሩና የጽዳት ሠራተኛው በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በቦርዶ ከተማ በግራን ፓርክ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀ ሥራ 530 ቤቶች ነዋሪዎቻቸው ሳይወጡ ታድሰዋል። ላካቶንና ቫሳል የተባሉት አርክቴክቶች ሕንፃውን ከማፍረስ ይልቅ ከፊቱ አዲስ ተሸካሚ አካል አቁመው ለእያንዳንዱ ቤት 3.8 ሜትር ጥልቀት ያለው ሰፊ በረንዳ ጨመሩለት። በባይልመርሜር ከፍርስ የተረፈው ክላይቡርክ የተባለ 500 ቤቶች ያሉት ሕንፃም የጋራ አካሉ ከታደሰ በኋላ የየቤቱን ውስጥ ባለቤቶቹ በየአቅማቸው እንዲጨርሱት ተደርጓል። ማደስ ማለት ሁልጊዜ ማፍረስ አለመሆኑን እነዚህ ሥራዎች ያስረዳሉ።

ሐ. የጋራ መኖሪያ ቤቶችና የታሰበው ስብጥር

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረገው ሥራ በአፍሪካ ከታዩት ታላላቅ የቤት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። በቦሌ ገርጂ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የተሠራው የሙከራ መንደር ከታየ በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ዕቅዱ 400,000 ቤቶችን መሥራት፣ ለ200,000 ሰዎች ሥራ መፍጠርና 10,000 ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን ማቋቋም ነበር። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ በመላው አገሪቱ 171,000 ያህል ቤቶች ተሠርተዋል። የሕግ መሠረቱም የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነትን የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የነዋሪዎች ስብጥር በአጋጣሚ የገባ ሳይሆን ታስቦበት የተነደፈ ነበር። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ቤቶች ተቀላቅለው ይሠራሉ፤ የትንሹ ቤት ዋጋ ከወጪው ዝቅ፣ የትልቁ ከፍ ይላል፤ ትልቁን የሚገዛው ሰው ትንሹን የሚገዛውን ይደጉማል። ዕጣውም ሀብታምና ድኻ ሳይለይ ሰውን ከሰው ያጎራብታል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ተይዟል። በ2005 ዓ.ም. አዲስ ምዝገባ ሲደረግ ደግሞ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉ ዘርፎች ወጡ። የመጀመሪያው የወር ገቢያቸው ከ1,200 ብር ለማይበልጥ የታሰበ ነበር። ይህ የኋለኛው አሠራር ግን ሳይታሰብ ስብጥሩን አሳስቶታል፤ የየዘርፉ ሕንፃ ለየብቻ ሲሠራ የአንድ ገቢ ሰዎች በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉና።

መ. በደረጃው ላይ የታየው

ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከሐሳቡ የራቀው በምን ምክንያት ነው? የመጀመሪያው ምክንያት ገንዘብ ነው። በ20/80 ዘርፍ ዕጣ የወጣለት ሰው ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል፣ ቀሪውን ከባንክ ተበድሮ በየወሩ መመለስ አለበት። ቤቱ የሚሰጠው የውስጥ ሥራው ሳይጠናቀቅ በመሆኑ ለወለል፣ ለቀለምና ለበር ሌላ ወጪ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ ያልቻለ ባለ ዕጣ ቤቱን ያከራያል። ሕጉ ለአምስት ዓመት መሸጥን እንጂ ማከራየትን አልከለከለም። ባለ ዕጣው በኪራዩ የባንኩን ዕዳ እየከፈለ ራሱ በሌላ ሰው ጓሮ በርካሽ ይከራያል። በዚህ ሁኔታ በመዝገቡ ላይ የድኻ ቤት የተባለው በተግባር የሚኖርበት ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ጉዳይ ነው። በቀበሌ ቤት የምትኖር እናት በጓሮዋ ምጣድ ጥዳ፣ እንጀራ ጋግራ፣ በበሯ ላይ ትሸጣለች። ያችው እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ስትወጣ ገበያዋ ከታች ይቀራል። እንጨት ማንደድ አይቻልም፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ብትጋግር ቆጣሪው ይበላታል፤ መብራት በሄደ ቀን ደግሞ ሥራ የለም። በየሕንፃው አጠገብ የጋራ ማብሰያ፣ ልብስ ማጠቢያና ከብት ማረጃ ቤቶች እንዲሠሩ መደረጉ ችግሩ ከመጀመሪያው እንደታየ ያመለክታል፤ ነገር ግን ገረድም ሆነ ረዳት የሌላት ሴት ሊጥ ተሸክማ አራት ፎቅ መውረድና እንጀራውን ይዛ መውጣት ምን ያህል እንደሚያደክማት በንድፉ ላይ አልተቆጠረም።

ሦስተኛው ምክንያት የሕንፃው አገልግሎት ነው። የውኃው ግፊት አነስተኛ በሆነበት ጊዜ ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ ነዋሪው በጄሪካን ተሸክሞ ይወጣል። የጋራ ሮቶና ፓምፕ የሚገዛው ሁሉም ሲያዋጣ ነው፤ የታችኛው ነዋሪ ውኃ ስላለው አያዋጣም፤ ተከራዩ «ባለቤቱ ይክፈል» ይላል፤ ባለቤቱ በቦታው የለም። የፍሳሽ መስመር ሲዘጋም እንደዚሁ ነው። የደረጃው መዞሪያ ጠባብ በመሆኑ ደግሞ አስከሬን ለማውረድ የሚደርሰው ጭንቅ በየሕንፃው የሚታወቅ ነው። ሰው በቤቱ እንደሚወለድና እንደሚኖር ሁሉ በቤቱ እንደሚሞትም ንድፍ አውጪው ሊዘነጋው አይገባም።

አራተኛው ምክንያት ዕድር ነው። አንድ ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪው ዕጣው በጣለው አቅጣጫ ይበተናል። ብዙ ሰዎች ወደ ሩቅ መንደር ከተዛወሩ በኋላም በቀድሞ ሰፈራቸው ዕድር ወርኃዊ መዋጮአቸውን መክፈል አላቋረጡም። ይህም የሚያሳየው ዕድር የገንዘብ መድን ብቻ ሳይሆን በሐዘንና በችግር ቀን የሚደርስ የሰው መድን መሆኑን ነው። ልደታ በታደሰበት ጊዜ፣ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ በተነሡበት ጊዜ የታየው ይኸው ነው። መንገዱ ሰፍቷል፤ ፍሳሹ መልክ ይዟል፤ ብዙ ቤተሰብም ከሚያፈስ ጣራ ወጥቶ ንጹሕ ቤት አግኝቷል። ይህ ሊካድ አይገባም። በሌላው ወገን ግን አርባና ኀምሳ ዓመት የተገነባ ጉርብትና በጥቂት ሳምንት ተበትኗል፤ እሱን መልሶ የሚሠራ ሥራ ተቋራጭ የለም።

ሠ. በአስኮ ሊሠራ የሚችለው

«ነዋሪውን በቦታው እያኖሩ ሰፈር ማደስ አይቻልም፤ ቦታው አይበቃም» የሚል ክርክር ዘወትር ይሰማል። ክርክሩ በስሌት ሊፈተን ይገባዋል። ለምሳሌ ያህል በአስኮ አንድ ሄክታር ላይ፣ ማለትም በ10,000 ካሬ ሜትር ላይ፣ 120 ቤተሰብ በምድር ቤት ይኖራል እንበል። ከቦታው 30 በመቶው ብቻ ሕንፃ ቢያርፍበት 3,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ምድርና አራት ፎቅ ቢሠራ ጠቅላላው ወለል 15,000 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ለደረጃ፣ ለመተላለፊያና ለግድግዳ 20 በመቶ ሲቀነስ 12,000 ካሬ ሜትር ይቀራል። አንዱ ቤት በአማካይ 40 ካሬ ሜትር ቢሆን 300 ቤት ይወጣል። ስለዚህ 120ው ነባር ቤተሰብ ሁሉ በቦታው ገብቶ 180 ቤት ለአዲስ መጪ ይተርፋል። ቦታው አይበቃም የሚለው ክርክር በዚህ ይወድቃል።

ሁለተኛው ክርክር «በግንባታው ጊዜ ነዋሪው የት ይቆያል?» የሚል ነው። ቤቶቹ በሄክታሩ ላይ በእኩል ተሰራጭተዋል ብንል፣ ሥራው በሦስት ዙር ሊከፈል ይችላል። በመጀመሪያው ዙር የቦታው አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 24 ቤተሰብ ብቻ በጊዜያዊ ቤት እንዲቆይ ይደረግና በዚያ ላይ 60 ቤት ይሠራል። ሃያ አራቱ ቤተሰቦች ይመለሳሉ፤ ሌሎች 36 ቤተሰቦችም በቀጥታ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ይሻገራሉ። እነዚህ የለቀቁት ቦታ የሄክታሩ 30 በመቶ ስለሆነ በሁለተኛው ዙር 90 ቤት ይሠራበታል። የቀሩት 60 ቤተሰቦች ወደዚያ ሲገቡ የቦታው ግማሽ ነፃ ይሆንና በሦስተኛው ዙር ቀሪው 150 ቤት ይሠራል። በዚህ አኳኋን ከመቶ ሃያው ቤተሰብ ለአንድ የግንባታ ዘመን ከሰፈሩ የሚርቀው 24ቱ ብቻ ነው።

እርግጥ ይህ አሠራር ሥራውን ያረዝመዋል፤ የዕቃ ማከማቻው ቦታ ይጠባል፤ የውኃና የፍሳሽ መስመሩም ሁለት ጊዜ መዘርጋት ሊኖርበት ነው። አንድን ሰፈር ባንድ ጊዜ ጠርጎ መሥራት ለተቋራጩ ርካሽ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ርካሽ የሚባለው ለማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። የተፈናቀለው ሰው በየቀኑ የሚከፍለው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ያጣው ደንበኛ፣ ትምህርት ቤቱን የለወጠው ልጅ በሥራው ዋጋ ዝርዝር ውስጥ አይጻፉም፤ ወጪዎች ግን ናቸው።

ቤቱ ከተሠራ በኋላም ስብጥሩ እንዲዘልቅ አምስት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ ለዕጣው መነሻ የሚሆነው ነጠላ ሰው ሳይሆን ጉርብትናው ይሁን፤ በአንድ ዕድር ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች በአንድ ሕንፃ ወይም ባንድ ግቢ እንዲደርሳቸው ይደረግ። የዕድሩ መዝገብ ለዚህ በቂ ሰነድ ነው።

ሁለተኛ፣ በየሕንፃው ጥቂት ቤቶች በመንግሥት እጅ ቆይተው በአነስተኛ ኪራይ ይሰጡ። ቅድመ ክፍያ መክፈል የማይችለው ሰው ባለቤት እንዲሆን ተገድዶ ቤቱን ከሚያጣ፣ ተከራይ ሆኖ በቤቱ ቢኖር ይሻለዋል። ይሁንና ከቀበሌ ቤቶች ታሪክ መማር ግድ ነው፤ ኪራዩ ቢያንስ የጥገናውን ወጪ መሸፈን አለበት።

ሦስተኛ፣ ምድር ቤቱ ለሥራ ይዋል። ለእንጀራ ጋጋሪዋ፣ ለጫማ ሠሪውና ለልብስ ሰፊው የሚሆን ክፍል በጨረታ ለብዙ ገንዘብ ከሚከራይ ሱቅ ተለይቶ ይያዝ። የእንጀራ መጋገሪያው ጭስ ማውጫና በቂ የኤሌክትሪክ መስመር ይኑረው።

አራተኛ፣ የጥገና መዋጮው ሕንፃው በተረከበበት ቀን ይጀምር። አዋጅ 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበርን አቋቁሟል። ማኅበሩ ግን ያለ ገንዘብ ስም ብቻ ነው። ፓምፑ ከመበላሸቱ በፊት የሚተካበት ሂሳብ ሊኖር ይገባል።

አምስተኛ፣ ጤነኛው ቤት አይፍረስ። በአስኮ ከጭቃው ቤት ጎን በራስ ገንዘብ የተሠራ ጠንካራ የብሎኬት ቤት አለ። አንድ ሰፈር በጠቅላላው አርጅቷል ተብሎ ከመወሰኑ በፊት ቤት በቤት ሊመረመር፣ መሠረቱ፣ ግድግዳውና ጣራው እየታየ «ይጠገን»፣ «ይጠናከር»፣ «ይፍረስ» ተብሎ ሊለይ ይገባል። ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ መሐንዲሱ ካልሠራው ቡልዶዘሩ ሳይመርጥ ይሠራዋል።

ክቡራትና ክቡራን፤

አስኮ ዛሬ የከተማዋ ጠርዝ አይደለችም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 2,739,551 የነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ ከዚያ ወዲህ እጅግ ጨምሯል፤ አጎራባቿ ቡራዩም በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች። ትናንት ዳር የነበረው መካከል እየሆነ ሲሄድ የመሬቱ ዋጋ ይንራል፤ ዋጋው በናረበት ቦታ ድኻው እንዲቆይ የሚያደርግ የገበያ ሕግ የለም። የሚያቆየው ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውም ንድፉ ከመሠራቱ በፊት መወሰን አለበት። ሕንፃው ከቆመ በኋላ ደረጃውን ማስፋት እንደማይቻል ሁሉ፣ ሰፈሩ ከተበተነ በኋላ ጎረቤትን መሰብሰብ አይቻልም።

የአውሮፓ ከተሞች ድኻውንና ባለጸጋውን ለማቀላቀል ብዙ ገንዘብ የሚያፈስሱት ቀድሞ ራሳቸው ለያይተው ስላኖሯቸው ነው። አዲስ አበባ ይህን ስብጥር ያለ ወጪ አግኝታለች። በአስኮ ጭቃ ቤቶች መካከል እስከ ዛሬ ድረስ አለ። ያረጀው ጭቃው ነው፤ ጉርብትናው አላረጀም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት የአስኮን ፕላን የሚዘረጋ ባለሙያ ከመሬት ቅየሳው ካርታ ጋር የየዕድሩን መዝገብ አብሮ ሊዘረጋ ይገባዋል።